አንሺውም ተነሺውም እኔ

ወንበር ያላገኛችሁ ወጣቶች እዚህ ከፊት ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ፣ ግድ የለም።

በእጄ የያዝኩት ከመዳፌ የማይበልጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ከኋላ ላላችሁት እንደማይታያችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ፊቱን ለጊዜው ልተወውና ጀርባውን ላንብብላችሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ለእናታለም። ካንቺ ናፍቆት በቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ፎቶ ማንም አላነሳኝም፣ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ከስቷል እንዳትይ፣ የካሜራው ነው። አሰብ፣ ጥር 1971 ዓ.ም.።»

ጸሐፊው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በዚያን ጊዜ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ይሠራ ነበር። ማጣሪያው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ ስለሆነ ሩስያውያን ባለሙያዎች ይመላለሱበት ነበር፤ አጎቴም ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ከሚያስር አንድ ሩስያዊ ላይ ዜኒት ካሜራ ገዛ። የመጀመሪያው ፊልም እንደታጠበ ይህችን መርጦ ደሴ ላለችው አያቴ በፖስታ ላከላት።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጀርባውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ፊቱን ግን ራሷ አነበበችው። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ከዚያ «ምን ያስሮጠዋል?» አለች። እውነትም አጎቴ እየሮጠ ነው። አንድ እግሩ መሬት አልነካም፣ ፊቱ ደብዝዟል፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል። ከጀርባው ያለው በርሜል ግን ዝገቱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ደህና ነኝ ብሏል እኮ» ስንላት «ደህና የሆነ ሰው ምን ያስሮጠዋል? ማን እያባረረው ነው?» እያለች ሦስት ቀን ሙሉ ቡናዋን በሐሳብ ጠጣች። በአራተኛው ቀን አስቀምጣ መልስ አጻፈችኝ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይኸው አንድ ጥያቄ ነበር።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ሩጫ ነው። ሰው በፊልም ካሜራ ራሱን ሲያነሳ ምን ያደርጋል፣ ያነሳውንስ ለማን ይልከዋል? የውጭውን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የቤታችንን በራሳችን እቆጥራለሁ።

ከቃሉ እንነሳ። አማርኛ ፎቶን በሁለት በር ያስገባዋል፤ ፎቶ ማንሳት አለ፣ ፎቶ መነሳት አለ። አንሺው ቆሞ ያዛል፣ ተነሺው ተቀምጦ ይታዘዛል። የድሮ ፎቶ ቤት የገባ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ሚስማሩ ላይ ደግሞ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ አንድ ኮት። ኮቱ የሰፋው ሰው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይሰበሰብለታል፤ ከፊት ለሚያየው በልኩ የተሰፋለት ይመስላል። «አገጭህን ቀና! ትከሻ ዝቅ! እንዳትተነፍስ!» ቤተ መንግሥቱም የራሱ አንሺ ነበረው። አርመናውያኑ ቦያጅያኖች፣ አባትና ልጆች እየተተካኩ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥትም ሆነ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ፣ ለዚያች አፍታ ለአንሺው ይታዘዛል።

አንሺውና ተነሺው አንድ ሰው ሲሆኑ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። አዛዥ የለም። ችግሩ፣ የሚያይም የለም። ከካሜራው ኋላ መሆን የነበረበት ዓይን ዞሮ ወደ ፊት መጥቷልና ቦታው ባዶ ነው። ስልካችሁን አስቡት፤ ራሳችሁን እያያችሁ፣ ፀጉራችሁን እያስተካከላችሁ ነው የምትነኩት። ፊልም ላይ ይህ የለም። በዕውር ድንብር ነው።

የመጀመሪያው ሰውም በዕውር ድንብር ነው የጀመረው። ፈረንሳዊው ዳጌር የደረሰበት የፎቶ ጥበብ ምስጢሩ ለሕዝብ የተገለጸው በ1839 ክረምት ላይ ነው። ወሬው አትላንቲክን ተሻግሮ ፊላዴልፊያ ሲደርስ ሮበርት ኮርኒሊየስ የሚባል የ30 ዓመት ሰው እዚያ በቤተሰቡ የፋኖስ ንግድ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፊልም ገና አልተፈለሰፈም፤ የዳጌር ፎቶ የሚነሳው በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነው። ብር ማወልወል ደግሞ የፋኖስ ሠሪ የዕለት ሥራው ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ኮርኒሊየስ ሳጥኑን ከሱቃቸው ጀርባ ፀሐይ ላይ አቆመ፣ የሌንሱን ክዳን ከፈተ፣ ሄዶ ከፊቱ ተገተረ። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ ቆይቶ ተመለሰና ክዳኑን ገጠመ።

ምስሉ ዛሬ ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ኮርኒሊየስ መሃል ላይ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል፣ ዓይኑ ጠርጠር ያደርጋል። ጀርባው ላይ በብርሃን የተነሳ የመጀመሪያው ሥዕል ይህ እንደሆነ ተጽፎበታል። አባባሉ ይጋነናል፣ ከእሱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች ነበሩ፤ ጀርባው ላይ መጻፉን ግን ልብ በሉልኝ። ሰውየው ጥቂት ዓመት ፎቶ ቤት ከፍቶ ሠራና ወደ ፋኖሱ ተመለሰ። ፋኖስ ሳያዋጣው አልቀረም።

እኔ በዚህ ሰው ፊት ላይ የማየው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ገብቼ ይሆን?» ይላል። ራሱን በፊልም ያነሳ ሰው ሁሉ ላይ ይህንን ፊት አየዋለሁ። ፈገግ ቢልም ይኸው ነው፣ ቢኮሳተርም ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ላይ ሌላ ሰው ራሱን አነሳ፣ ዋሸም። ሂፖሊት ባያር የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በወረቀት ላይ ፎቶ የማንሳት የራሱን ዘዴ ደርሶበት ነበር፤ ክብሩና የዕድሜ ልክ ጡረታው ግን ለዳጌር ሄደ። በጥቅምት 1840 ባያር እስከ ወገቡ ራቁቱን ሆኖ፣ ጨርቅ አገልድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ጎን ዘንበል አለና ራሱን አነሳ። ምስሉ ጀርባ ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። የምታዩት የባያር ሬሳ ነው ይላል። መንግሥት ለዳጌር ሁሉን ሰጥቶ ለእሱ ምንም ስለነፈገው ምስኪኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ ስንት ቀን ሙሉ ሬሳውን የሚጠይቅ ዘመድ አልመጣም፤ ፊቱና እጁም መበስበስ ጀምሯልና ሳይሸታችሁ እለፉ ይላል። ፊቱና እጁ የጠቆሩት ከፀሐይ ነው። «ሟቹ» ከዚያ በኋላ 47 ዓመት ገደማ ኖረ።

አቤቱታ ብዙ አይተናል፣ በፎቶ የቀረበ አቤቱታ ግን በእኔ ግምት ከዚህ የሚቀድም አይገኝም። አንሺውና ተነሺው አንድ ሲሆኑ ከሳሹም ምስክሩም አንድ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ችሎት መዋሸት አይከብድም፤ የባያር ብልጠቱ ውሸቱን ማንም እንዲያውቀው አድርጎ መዋሸቱ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ዘመን በሩጫ ልለፈው። በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክን አወጣ። ፊልሙ 100 ፎቶ ያነሳል፤ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላክና ታጥቦ ይመለሳል። በ1900 በ1 ዶላር የሚሸጠው ብራውኒ መጣ፣ ካሜራም ልጆች እጅ ገባ። በ1914 የሩስያ ንጉሥ ልጅ አናስታሲያ፣ 13 ዓመቷ፣ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን አነሳች። በደብዳቤዋም እጆቿ ይንቀጠቀጡ ስለነበር ሥራው እጅግ እንዳስቸገራት ጻፈች። ፎቶው ላይ አንዲት ልጅ ሳጥኗን በሁለት እጇ ይዛለች። ከአራት ዓመት በኋላ ከነቤተሰቧ ተገደለች።

አሁን ወደ ዜኒቱ እንመለስ፤ ይኸውላችሁ። ስታነሱት ድንጋይ ነው። ሚስማር ይመታበታል ብለን እንቀልድበት ነበር። ፊት ለፊቱ ይህችን ትንሽ ዘንግ ታያላችሁ? ወደ ታች ትጠመዘዛለች። አጠገቧ ያለችው ቁልፍ ስትነካ «ዝዝዝዝ» እያለች ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። 10 ሴኮንድ ያህል ነው። ከዚያ «ቸክ!»

አጎቴን ያባረረችው እሷ ናት። የሚቆምለት ሰው ስላልነበረው ሌንሱን በርሜሉ ላይ አጠራ፤ ቁልፉን ነካ፤ ሮጠ፤ ካሜራው ቀደመው። የቆመበት ቦታ ደግሞ ከበርሜሉ ሁለት እርምጃ ወደዚህ ስለሆነ ጥራቱን በርሜሉ ወሰደው። ዘዴውን በኋላ ከአንዱ ተማረ። የምትቆሙበት ቦታ ላይ ወንበር ታስቀምጣላችሁ፣ በወንበሩ ታጠራላችሁ፣ ከዚያ ሄዳችሁ ወንበሩ ላይ ቁጭ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ 8 ወይም 11 ላይ ታጠቡታላችሁ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ጥራቱ ከፊትም ከኋላም ስለሚሰፋ በአንድ ክንድ ብትሳሳቱ ይምራችኋል። ቀዳዳው ጠቦ ብርሃኑ እንዳያንስ ግን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ መሆን አለባችሁ። የአያቴ ደብዳቤ በደረሰው በወሩ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። አጎቴ ወንበር ላይ፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ፣ እንደ ሐውልት ደርቆ። ጀርባው ላይ አንድ ቃል ብቻ፦ «አልሮጥኩም።» አያቴ ይህንንም መስኮት ሥር ወስዳ አየችው። «አሁን ደግሞ ማን አስቀመጠው?» አለች።

ካሜራው ለእኔ የደረሰው በ17 ዓመቴ፣ አጎቴ ከሞተ በኋላ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ክራቫቱን አሰርኩና ባለ 36 ፊልም አጉርሼ የእናቴ ቁም ሳጥን መስታወት ፊት ቆምኩ። በቁም አነሳሁ፣ በጎን አነሳሁ፣ ተቆጥቼ አነሳሁ። 36 ሞላ፣ ፊልሙ አላለቀም። 37 አልኩ። 38። 40 ላይ ስደርስ «ፊልሙ በረከት ገባበት!» ብዬ እህቶቼን ጠራሁ፣ እነሱንም አነሳኋቸው። 45 ላይ ደከመኝና ሰፈራችን ወዳለው ፎቶ ቤት ወሰድኩት።

ባለ ፎቶ ቤቱ ከጨለማው ክፍል ወጣና ፊልሙን ወደ ብርሃን ዘርግቶ አሳየኝ። እንደ መስኮት የጠራ ነው። ጠርዙ ላይ ካሉት የፋብሪካ ቁጥሮች በቀር ነጥብ የለበትም። ጫፉ መጠቅለያው ላይ አልያዘም ኖሯል፤ እኔ 45 ጊዜ ቁልፍ ስነካ ፊልሙ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀና «ስትስበው በግራ በኩል ያለው ይህ ቁልፍ አብሮ ሲዞር እይ። እሱ ካልዞረ የምትዞረው አንተ ነህ» አለኝ። ይህን ምክር ዛሬም አልረሳሁትም፣ ከካሜራ ውጭም ጠቅሞኛል።

ሁለተኛው ፊልም ተሳካ። መስታወት ፊት ስለሆነ ግን ሁሉም ተገላብጧል። ከጀርባዬ ያለው የግድግዳ ካላንደር «ነሐሴ» የሚለውን ከቀኝ ወደ ግራ ጽፎታል፤ የሸሚዜ ኪስ ከግራ ደረቴ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ከመስታወቱ 1 ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ ሌንሱ ላይ 2 ሜትር ነው የምትሞሉት። ብርሃኑ የሚሄደው ደርሶ መልስ ነውና።

«እንዳለ ላትመው ወይስ ላዙረው?» አለኝ ባለ ፎቶ ቤቱ። ኔጋቲቩን ገልብጦ ማጉያው ውስጥ ቢያስገባው ፊደሉም ኪሱም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሁለቱንም አድርግልኝ አልኩት። ቤት ወስጄ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ያልዞረው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የማየው ልጅ። የዞረው ግን አንድ የማላውቀው፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያጋደለ ልጅ ነው። ደስ አላለኝም፤ ልቀደው ሁሉ አስቤ ነበር። እናቴ ቡና ልታፈላ ገባች፣ ሁለቱን አየችና ማንም ሳይጠይቃት ያንን የማላውቀውን ልጅ አነሳች። «ይኼኛው ቁርጥ አንተ ነው። ያኛው ምን ሆኗል?»

ማናችንም ፊታችንን አይተነው አናውቅም። የምናውቀው መስታወት ያሳየንን ነው፤ የወለደችን እናት የምታውቀው ደግሞ ሌላኛውን ነው። ስለዚህ ፎቶው ለእኔ ከሆነ እንዳለ ይታተማል፤ ለእሷ ከሆነ መዞር አለበት። ባለ ፎቶ ቤቱ ስለ ኔጋቲቭ የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። እሱም ሳያውቀው የጠየቀኝ «ለማን ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ የማንንም የራስ ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ይህን ጥያቄ እንደ ሳሙኤል ፎሶ የመለሰው ሰው አላየሁም። ፎሶ በ1962 ካሜሩን ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው ግን በናይጄሪያ፣ በኢግቦ አያቶቹ ቤት ነው። የቢያፍራ ጦርነት በልጅነቱ መጣበት። በሕፃንነቱ አካሉ በከፊል ሽባ ስለነበር ሌሎች ሕፃናት ፎቶ ሲነሱ እሱ አልተነሳም። በ1972 አጎቱ ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ወደ ባንጊ ወሰደው። በሰው ፎቶ ቤት ሙያውን ቀሰመና በ1975፣ በ13 ዓመቱ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። አስራ ሦስት! በዚያ ዕድሜ እኔ ኳስ ከጎረቤት ግቢ ለማውጣት እንኳ ሰው እልክ ነበር።

የፎቶ ቤት ሰዎች እዚህ ካላችሁ ቀጥሎ የምለውን ታውቁታላችሁ። ደንበኛ ጉርድ ፎቶውን ለነገ ይፈልገዋል፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ፊልሙ ሳያልቅ ከታጠበ ደግሞ የቀረው ይባክናል። ፎሶ ሲመሽ ሱቁን ይዘጋና የተረፈችውን ፍሬም በራሱ ላይ ይጨርሳታል። መብራቶቹ የደንበኛ፣ መጋረጃው የደንበኛ፣ ፊልሙም ደንበኛ የከፈለበት ነው። ከተረፈ እንጀራ ፍርፍር እንደሚሠራ ሁሉ እሱም ከተረፈ ፊልም ራሱን ሠራ። እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ ተረከዙ የረዘመ ጫማ፣ ጥቁር መነጽር፤ አንዴ ዘፋኝ፣ አንዴ የከተማ ዱርዬ፣ አንዴ ትልቅ ሰው።

ለማን? ከፎቶዎቹ ለናይጄሪያዋ አያቱ ይልክላት ነበር። አለሁ፣ አድጌያለሁ፣ አምሮብኛል ለማለት ነው። ስለዚያች አሮጊት ሳስብ የእኔዋ ትመጣብኛለች። ያን ተረከዝ አይታ «ይኼ ልጅ ምን ላይ ነው የቆመው?» ሳትል ቀርታለች?

ፎቶዎቹ ወደ 20 ዓመት ገደማ ከቤተሰብ አልወጡም። በ1993 ባንጊ የመጣ ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ አገኛቸውና በ1994 ማሊ ውስጥ በተከፈተው የመጀመሪያው የባማኮ የፎቶ አውደ ርእይ ላይ ተሰቀሉ። ከዚያ በኋላ ፎሶ የዓለም ሰው ሆነ፤ ራሱን ማንሳቱን ግን አልተወም። በ2008 «የአፍሪካ መንፈሶች» ብሎ በሠራቸው ፎቶዎች በራሱ አካል ማልኮም ኤክስን ሆነ፣ ሉሙምባን ሆነ፣ ማንዴላን ሆነ፣ አንጄላ ዴቪስንም ሆነ። ከእነሱ መካከል አፄ ኃይለ ሥላሴ አሉበት። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አድማጮች አጋጥመውኛል፤ አንድ ጋሼ እንዲያውም «ድፍረት ነው» ብለውኝ ነበር። ድፍረቱን አልክድም። ንጉሠ ነገሥቱን ያነሳቸው ብዙ ነው፤ ፊቱን አውሶ እሳቸውን ሆኖ የተነሳ ግን ሌላ ማን አለ? በሕፃንነቱ ፎቶ የተነፈገ ልጅ ሲጎለምስ የአህጉሩን አባቶች ሁሉ ተራ በተራ ለበሳቸው። እኔ የምቀበለው በፍቅር ነው፤ የማይስማማ ሰው ካለ በኋላ ቡና ላይ እንከራከራለን።

በ2014 መጀመሪያ ባንጊ በእርስ በርስ ግጭት ስትታመስ የፎሶ ቤት ተዘረፈ። ዘራፊ በር ይነቅላል፣ ቆርቆሮ ይወስዳል፤ ኔጋቲቭ ምን ያደርግለታል? መንገድ ላይ በተነው። ጦርነቱን ሊዘግቡ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞች በዚያ ሲያልፉ መሬት ላይ የተበተነውን አይተው ማን መሆኑን አወቁ፤ የቻሉትን ያህል ለቃቅመው አተረፉ። ኔጋቲቭ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ትንሽ ይችላል፤ ደብዛዛው ፊቱ፣ ምስሉ ያለበት፣ በጥፍር ቢነካ እንኳ ይጫራል። እሱ ላይ አሸዋ፣ እሱ ላይ ጫማ። ከቤት የወጣ ፎቶ ከቤቱ ጋር አይዘረፍም የሚል ነገር ያን ጊዜ ወደ ጭንቅላቴ መጣ፤ ፖስተኛውንም በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

እስካሁን ያልኩትን በሙሉ የምትቃወመኝ አንዲት ሴት አለች። ቪቪያን ሜየር በ1926 ኒውዮርክ ተወለደች፤ አብዛኛውን ዕድሜዋን ቺካጎ ውስጥ የሰው ልጆች በማሳደግ ኖረች። አንገቷ ላይ ሮሌይፍሌክስ ካሜራ ትሰቅላለች። ይህ ካሜራ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታይበት፤ በአንድ ፊልም 12 ካሬ ፎቶ ያነሳል። የእኔ ዜኒት ግማሽ ፊቴን ሲሸፍነው የእሷ ፊቷን ነጻ ይተወዋል። ስለዚህ በሱቅ መስኮት፣ በመንገድ መስታወት፣ አልፎ አልፎም ሣር ላይ በወደቀ ጥላዋ ራሷን ደጋግማ አነሳች። ለማን? ለማንም። ከ100,000 በላይ ኔጋቲቭ አከማችታ፣ ብዙ ፊልም ጭራሽ ሳታሳጥብ ቀረች፤ ያስቀመጠችበት መጋዘን ኪራይ ስላልተከፈለ ዕቃዋ በ2007 በጨረታ ተሸጠ። በ2009 ሞተች። ታዋቂ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው።

ፎቶዎቿ ድንቅ ናቸው። ሳያቸው ግን የሰው ደብዳቤ ከፍቼ የማነብ ይመስለኛል። እያንዳንዱ የራስ ፎቶ ተቀባይ አለው ስል ከረምኩ፤ ሜየር መጣችና አፌን አስያዘችኝ። ራስን አንስቶ ለማንም አለመላክም የአንድ ሰው መብት ሊሆን ይችላል። እሷን መጠየቅ አይቻልም፤ እኛ ደግሞ ሳንጠራ ተቀባይ ሆነን ቁጭ ብለናል።

አሁን አሁን ወጣቶች ወደ ፊልም እየተመለሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መንገድ ላይ አስቁማ «ጋሼ፣ በፊልም ራሴን አንስቼ በስልክ ብለጥፈው ማታለል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምኑ ነው ማታለሉ? ፊልም ታቦት አይደለም። ደግሞ የድሮውን ዘመን አናሞካሸው። ፊልም ውድ ነበር፣ ማሳጠቢያው ሌላ ወጪ ነበር፤ ራሱን ማንሳት የቻለው አንድ ሰው ሲሆን ያልቻለው መንደር ሙሉ ነው። የልጇን ሩጫ መስኮት ሥር ያነበበችው አያቴ በዕድሜዋ ሙሉ የተነሳችው አንድ ፎቶ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ ጉርድ። ስትሞት እሱኑ አሳደግነው። ሲያድግ የቀበሌው ማኅተም ግማሽ ክብ ትከሻዋ ላይ አብሮ አደገ፣ እንደዚያው ሆኖ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ራሷን አንስታ ቢሆን ኖሮ እንዴት ትቆም ነበር? ነጠላዋን እንዴት ታደርግ ነበር? ማንም አላዘዛትም ብዬ ላስበው እሞክራለሁ፣ ግን ሁልጊዜ አንድ የሚያዝ ድምፅ ይሰማኛል።

ለልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኳት፤ ከለጠፍሽ በኋላ አንዷን በወረቀት አሳትሚና ጀርባዋ ላይ ጽፈሽ ለአንድ ሰው ስጪ አልኳት። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። እሱን ደግሞ እኔ ልነግርሽ ነው?

በሉ፣ ሰዓቱም ሄዷል። ባለ 36 ፊልም ጠንቀቅ ተብሎ የተጎረሰ እንደሆነ 37ኛ ሊሰጥ ይችላል፤ እዚህ ውስጥ ያለውም 36ቱን ጨርሷል፣ አሁን ስስበው ግን ገና እሺ አለኝ፣ የግራው ቁልፍም አብሮ ዞሯል፣ አይቼዋለሁ። ካሜራውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያጠራሁት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባለው ባዶ ወንበር ነው፤ ሳወራ ማንም እንዳይቀመጥበት ስጠብቀው ነው ያመሸሁት። መብራቶቹን ሁሉ አብሩልን። ፎቶው እንዲደርሳችሁ የምትፈልጉ በሩ አጠገብ ባለው ደብተር ስማችሁንና የፖስታ ሣጥን ቁጥራችሁን ጻፉ፤ ሣጥን የሌላችሁ የጎረቤት ጻፉ። ከኋላ ያላችሁ ቁሙ። 10 ሴኮንድ ነው ያለኝ፣ ጉልበቴም የአጎቴ አይደለም፤ መተላለፊያውን ልቀቁልኝ።